የሊፒጻነር ፈረሶች መጸውና የአገራራቸው ታሪክ

በኦስትሪያ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከግራዝ ከተማ በስተ ምዕራብ፣ ሽታየርማርክ በሚባለው ክፍለ ሀገር ኮረብታዎች መካከል ፒበር የተባለች ትንሽ መንደር ትገኛለች። ሊፒጻነር የሚባሉት አምባላይ ፈረሶች በሚራቡባት በዚህች መንደር፣ በፈረስ ዕድሜ ውስጥ የሚያጋጥሙት ታላላቅ ለውጦች አብዛኞቹ የሚፈጸሙት በመጸው፣ ማለትም በአውሮፓ ከመስከረም እስከ ኅዳር በሚዘልቀው፣ የዛፍ ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ነው። ሙቁን ወራት በተራራ ያሳለፉት ወጣት ድንጉላዎች፣ ማለትም ያልተኮላሹት ወንድ ፈረሶች፣ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ በዓመቱ መጀመሪያ ወራት የተወለዱት ውርንጭሎች ከእናታቸው ጡት ይለያሉ፤ አራት ዓመት ገደማ የሆናቸው ምርጥ ድንጉላዎች ደግሞ ግጦሹን ተሰናብተው በቪየና በሚገኘው የስፔን የፈረስ ግልቢያ ትምህርት ቤት ሥር ትምህርታቸውን ይጀምራሉ። ትምህርት ቤቱ የስፔንን ስም የያዘው መምህራኑ ስፔናውያን ስለነበሩ ሳይሆን የመጀመሪያዎቹ ፈረሶቹ ከስፔን ምድር የመጡ በመሆናቸው ነው።

ስለ ፈረስ መግራት የተጻፉ ብዙ መጻሕፍት ገርነትን የመልካም ልብ ፍሬ አድርገው ያቀርቡታል፤ የጭካኔው ዘመን አልፎ የርኅራኄው ዘመን እንደመጣ፣ ሰውም ከዱላ ወደ ማባበል እንደተሸጋገረ ይተርካሉ። የሊፒጻነር ታሪክ ግን ይህን አተራረክ እምብዛም አይደግፍም። ገርነትን የሚመክር ጽሑፍ ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዓመታት በፊት ተጽፎ እያለ፣ ከዚያ በኋላ በነበሩት ብዙ ዘመናት ፈረስ በአለንጋና በብረት ሲገራ ኖሯል። የጎደለው ምክር አልነበረም፤ የጎደለው ምክሩን በሥራ ለማዋል የሚያስችል ጊዜ፣ ያን ጊዜ የሚገዛ ገንዘብ፣ ፈረሱ እስኪበስል የሚያቆይ ሰፊ ግጦሽና ዓመታትን መጠበቅ የማይከብደው ባለቤት ነበር። እነዚህ አራቱ በአንድ ቦታ ሲገናኙ የተወለደውና ሳይቋረጥ የዘለቀው የቪየናው ሥርዓት በመሆኑ፣ ታሪኩን ከግልቢያ አዳራሹ ይልቅ ከግጦሹ መጀመር ይቀናል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፈረሶቹ ስማቸውን ያገኙት ዛሬ በስሎቬኒያ ግዛት ከምትገኘው፣ ከትሪዬስት ወደብ ብዙም ከማትርቀው ከሊፒጻ መንደር ነው። የሀብስበርግ ቤተ መንግሥት ልዑል የነበረው አርክዱክ ካርል በ1580 የትሪዬስት ጳጳስ የበጋ ማረፊያ የነበረውን ይህን ቦታ ወስዶ የፈረስ እርባታ ጣቢያ አቋቋመበት። አካባቢው ካርስት ይባላል፤ ነጭ የኖራ ድንጋይ የነገሠበት፣ አፈሩ ስስ፣ የዘነበው ውኃ በስንጥቁ ወደ መሬት ውስጥ የሚሰርግበትና በላይ የሚፈስ ወንዝ የሌለበት፣ በክረምት ደግሞ ኃይለኛ ቀዝቃዛ ነፋስ የሚጠርገው አገር ነው። እንዲህ ያለ ምድር ለከብት አርቢ የማይመች ቢመስልም ለፈረስ አርቢው የተሰወረ ጥቅም ነበረው፤ በድንጋይ ላይ ያደገ ውርንጭላ ሰኮናው ይጠነክራል፣ ጅማቱ ይከራል፣ እግሩን የት እንደሚያሳርፍም ሳይማር ያውቃል። የካርስት ፈረሶች ከጥንት ጀምሮ በጥንካሬያቸው የታወቁ ስለነበሩ፣ ልዑሉ ያስመጣቸው የስፔን ፈረሶች ከእነዚህ ጋር ሲዳቀሉ የስፔኑ ቁመናና ኩሩ አካሄድ ከካርስቱ ብርታት ጋር ተዋሐደ።

በ16ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ ቤተ መንግሥታት የስፔን ፈረስ እንዲህ የተፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከባዱ የጦር ትጥቅ በጠመንጃ መምጣት ዋጋ እያጣ ሲሄድ፣ ብረት ለበስ ጌታ የሚሸከመው ግዙፍና ዘገምተኛ ፈረስም አብሮ ከክብሩ ወረደ፤ በምትኩ በኋላ እግሮቹ ላይ ክብደቱን ሰብስቦ በጠባብ ቦታ የሚዞር፣ ቀልጣፋና ልብ ያለው ፈረስ ተፈላጊ ሆነ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት መቶ ዓመታት ለሊፒጻ ዝርያ የኔፕልስ፣ የዴንማርክና የዓረብ ደም ተጨመረ። ዛሬ በፒበር የሚታወቁት ስድስቱ የአባት ሐረጎች የሚቆጠሩት ከ1765 እስከ 1810 በነበሩት ዓመታት ከተወለዱ ስድስት ድንጉላዎች ሲሆን፣ እነሱም ፕሉቶ፣ ኮንቨርሳኖ፣ ማኤስቶሶ፣ ፋቮሪ፣ ኔያፖሊታኖና የመጨረሻው ዓረባዊ ሲግላቪ ናቸው። እያንዳንዱ ወንድ ውርንጭላ የሐረጉን መሥራች ስም በፊት፣ የእናቱን ስም በኋላ አድርጎ ሁለት ስም ይይዛል። ለምሳሌ በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ታዋቂ የነበረው ኔያፖሊታኖ አፍሪካ የኔያፖሊታኖ ዘር፣ አፍሪካ የተባለችው ባዝራ ልጅ መሆኑ ከስሙ ይነበባል። በዚህ አሰያየም የእናት ሐረግ ከአባት እኩል መጠበቁ ለጌጥ የተደረገ አይደለም፤ ውርንጭላው የመጀመሪያዎቹን ወራት የሚውለው ከእናቱ ጋር በመሆኑ፣ ጠባዩን በደምም በአርአያም ከእሷ እንደሚወርስ አርቢዎቹ ቀድመው ያስተዋሉ ይመስላል።

ፒበር ወደዚህ ታሪክ ዘግይታ ገባች። በ1798 ለሠራዊቱ ፈረስ ማራቢያ ሆና የተቋቋመችው ይህች ጣቢያ የሊፒጻነር መኖሪያ የሆነችው የሀብስበርግ መንግሥት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከወደቀ በኋላ ነው። ሊፒጻ ለጣሊያን ስትሰጥ ፈረሶቹ ለሁለት ተከፈሉ፤ ለኦስትሪያ የደረሱት በ1920 ወደ ፒበር መጡ። አረንጓዴ መስክና ለስላሳ አፈር ያላት ሽታየርማርክ ከካርስት ፈጽሞ የተለየች ናት፤ ሣሯ የለመለመ፣ ውኃዋም የበዛ ስለሆነ፣ በዚያ ብቻ የሚያድግ ውርንጭላ ቢወፍርም አጥንቱና ጅማቱ ያን የቀድሞውን ጥንካሬ የማግኘቱ ነገር ያጠራጥራል። ካርስት በድንጋዩ ይሰጥ የነበረውን ትምህርት በኦስትሪያ የሚሰጠው የተራራው ግጦሽ ሆነ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ወጣት ድንጉላዎቹ በሰኔ ወር ወደ ሽቱብአልፐ ተራሮች ወጥተው፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ግጦሽ እስከ መስከረም ይቆያሉ። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ ሳንባና ልብ ይጠነክራል፤ ቁልቁለቱ ሚዛን መጠበቅን ያስተምራል፤ ነጎድጓድና በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ደግሞ ፈረሱን ከድንጋጤ ጋር ያላምደዋል። ከሁሉ በላይ ግን ድንጉላዎቹ በመንጋ ስለሚኖሩ፣ ማን ለማን መንገድ እንደሚለቅ፣ ጆሮ ሲጣልና ጭራ ሲወራጭ ምን ማለት እንደሆነ ከእኩዮቻቸው ይማራሉ። በኋላ ሰው የሚጽፍበት ብራና በዚህ ጊዜ ይፋቃል።

የመስከረም ቅዝቃዜ ሣሩን ማጠውለግ ሲጀምር መንጋው ወደ ታች ይነዳል። መንገዱ በጫካና በመንደሮች መካከል አልፎ ወደ ኮፍላኽ ከተማ አካባቢ የሚያመራ ሲሆን፣ የአገሩ ሰው ከብቶች ከተራራ ሲመለሱ እንደሚያደርገው ሁሉ ፈረሶቹንም ወጥቶ ይቀበላል። ለተመልካች በዓል የሆነው ይህ ጉዞ ለአርቢው የምርመራ ቀን ነው፤ ማን እንዳደገ፣ ማን እንደከሳ፣ የማን ሰኮና እንደተሰነጠቀ፣ በሕዝብ ጩኸት መካከል ማን ረጋ ብሎ ማን እንደበረገገ በአንድ ቀን ይታያል። ከዚያ በኋላ ሰኮና መጥረቢያው፣ ጥርስ መመልከቻውና ድርቆሽ ማከማቻው ሥራ ይጀምራል፤ ለወራት የሰው እጅ ያልነካቸው ወጣቶችም በጋጣ ውስጥ መታሰርን፣ መቦረሽን፣ እግር ማንሳትን እንደገና ይለምዳሉ።

ጡት ማስጣሉም የሚደርሰው በዚሁ ወቅት ነው። ውርንጭሎቹ በአብዛኛው የሚወለዱት ከጥር እስከ ግንቦት ባሉት ወራት በመሆኑ፣ መጸው ሲገባ ስድስት ወር ገደማ ሆኗቸዋል፤ ሣርና አጃ መብላትም ጀምረዋል፤ እናቶቻቸው ደግሞ ብዙዎቹ ሌላ ፀንሰዋል። ከፈረስ አስተዳደግ ሁሉ አስቸጋሪው ይህ ቀን ነው። ውርንጭላን ብቻውን በባዶ ጋጣ ዘግቶ እንዲጮህ መተው በብዙ አገር የነበረ ልማድ ሲሆን፣ በዚያ መንገድ የተለየ ውርንጭላ ለብዙ ዓመት የሚቆይ የብቸኝነት ፍርሃት ይዞ እንደሚያድግ ፈረስ ያሳደገ ሁሉ ያውቃል። በትላልቆቹ የእርባታ ጣቢያዎች ግን የአንድ ዓመት ልጆች በአንድ ላይ ስለሚቆዩ፣ እናት ብትሄድም ጓደኛ አይጠፋም፤ ቀደም ሲል እናቱን ተከትሎ ይሄድ የነበረው ውርንጭላ አሁን የዕድሜ እኩዮቹንና መኖ የሚያቀርብለትን ሰው ይከተላል። በመሠረቱ የመጀመሪያው የመግራት ትምህርት ይህ ነው፤ ኮርቻም ልጓምም በሌለበት፣ ሰው ሲመጣ መልካም ነገር ይመጣል የሚለው ግንዛቤ በዚህ መጸው ይተከላል። ይህን ስንል ግን ቤቱ ከጭካኔ ሁሉ የጸዳ ነበር ማለት አይደለም። በቆየው ልማድ መሠረት የዝርያው ምልክት በጋለ ብረት በጉንጩ፣ የጣቢያው ዘውድ ያለበት ምልክት ደግሞ በዳሌው ላይ ይታተም ነበር፤ በአፉ ላይ ለሚያርፈው ልጓም እጅግ የሚጠነቀቅ ሥርዓት በቆዳው ላይ ለሚያርፈው እሳት አለመጨነቁ፣ ገርነት በየዘመኑ የት ላይ እንደሚጀምርና የት ላይ እንደሚቆም የሚያሳይ ነው።

ውርንጭሎቹ ሲወለዱ ጉራቻ ወይም ዳማ ናቸው፤ ነጭ የሚሆኑት ቀስ በቀስ ሲሆን፣ ለውጡ ስድስት፣ አንዳንዴም እስከ አሥር ዓመት ይወስዳል። በዝርያው ውስጥ ከስንት አንድ ዳማ ሆኖ የሚቀር አለ፤ የቪየናው ትምህርት ቤትም ከእነዚህ ቢያንስ አንዱን በጋጣው ማኖርን እንደ መልካም ዕድል ቆጥሮ አቆይቶታል። የቆዳው አዝጋሚ ለውጥ የአካሉንም አዝጋሚ እድገት ያመለክታል። ሊፒጻነር ዘግይቶ የሚበስል ፈረስ ነው፤ የሩጫ ውድድር ፈረስ በሁለት ዓመቱ ኮርቻ ተጭኖበት ሲሮጥ ይህ ገና በመስክ ይፈነጫል። ሆኖም ዘግይቶ የጀመረው ዘግይቶ ይጨርሳል፤ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖት በአዳራሹ የሚሠራ ድንጉላ ማየት ብርቅ አይደለም።

ይህን የመሰለ አካሄድ በሐሳብ ደረጃ ከሁሉ ቀድሞ በጽሑፍ ያሰፈረውና ጽሑፉ ሙሉ ሆኖ የደረሰን የአቴናው ዜኖፎን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የኖረው ይህ የጦር መሪና ጸሐፊ፣ ከእሱ በፊት ስለ ፈረስ የጻፈውን ሲሞንን እየጠቀሰ ባዘጋጀው ትንሽ መጽሐፍ፣ ሰው ልጁን ሙያ ሊያስተምር ለባለሙያ እንደሚሰጥ ሁሉ ወጣት ፈረስንም ምን እንዲማር እንደሚፈለግ በውል አስፍሮ ለገሪ መስጠት እንደሚገባ ይመክራል። ውርንጭላው ለገሪው ከመሰጠቱ በፊት ግን ረሃቡንና ጥሙን የሚያስታግስለት፣ ከሚያስጨንቀው ነገር የሚገላግለው ሰው መሆኑን በቤቱ ሳለ እንዲያውቅ፣ በሕዝብ መካከልና በጩኸት ውስጥ እየተመራ እንዲለማመድ ያሳስባል። ፈረስን በቁጣ መቅረብን ያወግዛል፤ ተገዶ የሚሠራ ፈረስ የሚሠራውን እንደማያስተውል፣ ውበትም እንደማይኖረው፣ በአለንጋ እየተገረፈ ከሚጨፍር ሰው ጋር በማነጻጸር ያስረዳል። ከሁሉ ጥልቁ ምክሩ ስለ ዕረፍት የሚሰጠው ነው፤ ፈረሱ የተጠየቀውን ባደረገባት ቅጽበት ሥራው ቢቆምለት፣ በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ በፈቃዱ ያደርገዋል።

ይህ ሁሉ በሕዳሴው ዘመን ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ቢሆንም የኔፕልሱ ፌደሪኮ ግሪዞኔ በ1550 ያሳተመውና በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች የተተረጎመው መጽሐፍ ሌላ ዓለም ያሳያል። ግሪዞኔ አልራመድ የሚልን ፈረስ ለማስገደድ ዱላን፣ እሳትን፣ በእንጨት ጫፍ ላይ የታሰረች ድመትን ሳይቀር ይጠቅሳል። እሱን እንደ አረመኔ ብቻ መቁጠር ግን ፍትሕ አይሆንም፤ የታዘዘውን ፈረስ መደባበስ እንደሚገባም ጽፏል፤ መከራው የተማሪዎቹ መኳንንት መብዛትና መቸኮል ነበር። ለጦርነት ወይም ለትርኢት በአጭር ጊዜ የሚደርስ ፈረስ ለሚሹ ጌቶች የሚሠራ ገሪ፣ ፈረሱ እስኪገባው ድረስ የሚጠብቅበት ምክንያት አልነበረውም። ለውጡ የመጣው ከዚያው ከኔፕልስ ትምህርት ነው። በኔፕልስ በጃምባቲስታ ፒኛቴሊ ዘንድ የተማረው ፈረንሳዊው አንቷን ዴ ፕሉቪኔል በ1594 በፓሪስ ለወጣት መኳንንት ትምህርት ቤት ከፍቶ፣ በኋላም ንጉሥ ሉዊ 13ኛን አስተምሮ፣ ፈረስን ከአካሉ በፊት አእምሮውን ማሠልጠን፣ ቅጣትን መቆጠብና ማባበልን ማብዛት እንደሚገባ አስተማረ። ትምህርቱ የታተመው በ1620 ከሞተ በኋላ ነው። በሁለት ምሰሶዎች መካከል ፈረሱን አስሮ ያለ ጋላቢ ክብደት እርምጃውን እንዲሰበስብ ማለማመድም በእሱ ስም ይታወቃል፤ በቪየና አዳራሽ መካከል ዛሬም ሁለት ምሰሶዎች ቆመዋል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ቪየናን የቀረጸው ግን ፍራንሷ ሮቢሾን ዴ ላ ጌሪኒዬር ነው። ከ1730 ጀምሮ በፓሪስ የቱይለሪ ንጉሣዊ የግልቢያ ቤት ኃላፊ የነበረው ይህ ሰው በ1733 በሙሉ መልኩ ያሳተመው «የፈረሰኞች ትምህርት ቤት» የተሰኘ መጽሐፍ፣ እምቢታን እንደ ጥፋት ከመቁጠር በፊት ምክንያቱን ይመረምራል፤ ፈረሱ እምቢ ያለው ከአካል ድካም፣ ካለመገንዘብ ወይም ከአቅሙ በላይ በወጣትነቱ ከመጠየቁ ሊሆን ይችላልና። ላ ጌሪኒዬር የፈረሱን ትከሻ ወደ ውስጥ አዘንብሎ፣ ኋላውን በቀጥታ መስመር እያስኬዱ በሦስት ወይም በአራት ዱካ ማራመድን አስተካክሎ አስተማረ። በዚህ ልምምድ የውስጠኛው የኋላ እግር ከአካሉ በታች እየገባ ክብደት መሸከም ይለምዳል፤ ጎን ይለሰልሳል፤ ጋላቢው በኃይል ይጎትተው የነበረው አንገትም በራሱ ይታጠፋል። ሌላው ትምህርቱ ፈረሱ ሚዛኑን በራሱ ባገኘ ጊዜ ጋላቢው እጁን ዝቅ አድርጎ ዛቡን እንዲያላላ የሚያዘው ነው፤ ይህ የዜኖፎን ዕረፍት በረቀቀ መልኩ መመለሱ ነው።

ቪየና ውስጥ የስፔን ፈረሶች የሚሠለጥኑበት የእንጨት ቤት እንደነበር ከ1572 ጀምሮ በሰነድ ይታወቃል። ዛሬ የሚታየውን ነጭ አዳራሽ ያሠራው ንጉሠ ነገሥት ካርል 6ኛ ሲሆን፣ በዮሴፍ አማኑኤል ፊሸር ፎን ኤርላኽ ንድፍ ከ1729 እስከ 1735 ተገነባ። ርዝመቱ 55፣ ስፋቱ 18 ሜትር ነው፤ ሰገነቶቹን 46 ዓምዶች ይሸከማሉ፤ ጋላቢዎች ሲገቡና ሲወጡ ባርኔጣቸውን አንስተው የሠሪውን ንጉሥ ሥዕል ይሳለማሉ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ማክስ ፎን ቫይሮተር የላ ጌሪኒዬርን ትምህርት በዚህ ቤት አጸና። በፈረንሳይ የቬርሳይ የግልቢያ ቤት ከ1830ው አብዮት ጋር ሲዘጋ፣ የፈረንሳዮቹ ትምህርት በቀድሞ መልኩ የቀጠለው በባዕድ ከተማ ነው። ለብዙ ዘመን የሚተላለፈው በቃል ብቻ ስለነበር፣ መመሪያው በአጭር ጽሑፍ የሰፈረው በ1898 ነው።

ድንጉላው ግጦሹን ትቶ ሲመጣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰው አይቀመጥበትም። በረጅም ገመድ ጫፍ በገሪው ዙሪያ ክብ እየሠራ በእርምጃ፣ በሶምሶማና በግልቢያ ይንቀሳቀሳል፤ የሚታዘዘው በድምፅ ነው፤ ኮርቻውን፣ ቀጥሎም ልጓሙን ቀስ በቀስ ይለምዳል። ሰው ሲወጣበት የሚጠየቀው ቀጥ ባለ መስመር ወደ ፊት መሄድ ብቻ ሲሆን፣ ይህ ዓመቱን ሙሉ ይዘልቃል። ለተመልካች ምንም የሌለበት የሚመስለው ይህ የመጀመሪያ ዓመት ከሁሉ ከባዱ ነው፤ ምክንያቱም በጀርባው ላይ ባልለመደው ክብደት ሚዛኑ የተዛባበት ፈረስ፣ በመስክ ሳለ የነበረውን የተፈጥሮ አካሄድ እንደገና እስኪያገኝ ድረስ ጋላቢው ምንም ሳያደርግ መቀመጥን መቻል ይኖርበታል። በሁለተኛው ደረጃ መታጠፍ፣ ወደ ጎን መሄድ፣ እርምጃን ማስረዘምና ማሳጠር ይመጣል። ከፍተኛው ትምህርት በሚባለው በሦስተኛው ደረጃ ፈረሱ ክብደቱን ወደ ኋላ እግሮቹ ሰብስቦ በአንድ ቦታ ላይ በሶምሶማ ይረግጣል፤ በኋላ እግሩ ዙሪያ በግልቢያ ይዞራል። ይህ ሁሉ ስድስት ዓመት ገደማ ይፈጃል። ከመሬት በላይ የሚባሉት ዝላዮች፣ ማለትም ፊተኛ እግሮችን አጥፎ በዝቅተኛ ማዕዘን ላይ መቆም፣ በኋላ እግር ብቻ ወደ ፊት መዝለል፣ በአየር ላይም ሆኖ የኋላ እግሮችን መወርወር፣ ለሁሉም ፈረስ አይሰጡም። ተሰጥኦውን ቀድሞ የሚያሳየው ፈረሱ ራሱ ነው፤ ገሪው በመስክ ጨዋታው ያየውን ይዞ ያጎለብተዋል። እነዚህ ዝላዮች እግረኛ ወታደርን ለመበተን በጦር ሜዳ የተፈጠሩ ናቸው የሚለው ተደጋግሞ የሚነገር ወሬ እምብዛም አያሳምንም፤ ሆዱን ለጦር አጋልጦ የሚቆም ፈረስ ጌታውን ይዞ ይወድቃል እንጂ አያድነውም።

ጋላቢዎቹ በካፖርታቸው ጅራት ውስጥ የስኳር ኪስ አላቸው፤ ፈረሱ የተጠየቀውን ሲያሟላ ወዲያው ይቀምሳል። በእጃቸው የሚይዙት ያልተጌጠ ቀጭን የበርች ዘንግ ነው። የሰውየው ትምህርት ከፈረሱ ያልተናነሰ ረጅም መሆኑም ሊታለፍ አይገባም። አዲስ ተማሪ ለወራት ያለ እርካብና ያለ ዛብ፣ በገመድ በሚመራ ድንጉላ ላይ እየተቀመጠ መቀመጥን ብቻ ይማራል፤ የሚያስተምረው ሥራውን የጨረሰ አዛውንት ፈረስ ሲሆን፣ ራሱ ያልተማረ ድንጉላን እንዲገራ የሚፈቀድለት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ትምህርት ቤቱን ከ1939 እስከ 1965 የመራውና በ1936ቱ የበርሊን ኦሎምፒክ የነሐስ ሜዳሊያ ያገኘው አሎይስ ፖድሃይስኪ ትዝታዎቹን የጻፈበትን መጽሐፍ ርእስ ለፈረሶቹ የመምህርነት ማዕርግ በመስጠት መሰየሙ በዚህ ልማድ ውስጥ ላደገ ሰው የትሕትና ቃል ብቻ አልነበረም። እርባታውም ከዚህ ጋር የተሳሰረ ነው። ወደ ፒበር ተመልሰው አባት እንዲሆኑ የሚመረጡት ድንጉላዎች በአዳራሹ ብቃታቸውን ያስመሰከሩት ስለሆኑ፣ ለመማር ፈቃደኛ የሆነ ጠባይ ከትውልድ ወደ ትውልድ ተመርጦ ይወርዳል፤ ገርነቱ የሚሳካው ከፊሉ ለገርነት የሚመልስ ፈረስ ስለተራባ ነው።

ለንጽጽር የአሜሪካዊውን የጆን ሰሎሞን ሬሪን ሙያ መመልከት ይበቃል። ሬሪ በ1858 እንግሊዝ ውስጥ ክሩዘር የተባለውን፣ ሰው ይነክሳል ተብሎ በብረት አፍ መዝጊያ የሚጠበቅ ድንጉላ በሰዓታት ውስጥ አለዝቦ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘንድ ሳይቀር ዝና አተረፈ። ዘዴው የፊት እግርን በጠፍር አጥፎ አስሮ ፈረሱ ደክሞ እስኪተኛ ከጠበቁ በኋላ እየዳበሱ ማረጋጋት ነበር። ከዱላው ጋር ሲነጻጸር ርኅራኄ መሆኑ አያከራክርም፤ ነገር ግን ሬሪ የተጠራው ሌሎች ያበላሹትን ፈረስ በአንድ ከሰዓት እንዲያቃና ነበር፤ ፒበር ደግሞ እንዲህ ያለ ፈረስ ከመጀመሪያው እንዳይፈጠር አራት ዓመት ትሰጣለች።

ጊዜው ሁልጊዜ አልተገኘም። በ1797 የናፖሊዮን ጦር ሲቃረብ የሊፒጻ ፈረሶች በእግር ወደ ሃንጋሪ ተሰደው በዚያው ዓመት ኅዳር ወደ ፈረሰው ጋጣቸው ተመለሱ፤ በ1805ና በ1809 እንደገና ተሰደዱ። በ1942 የጀርመን ባለሥልጣናት የፒበርን ባዝራዎችና ውርንጭሎች ሆስታው ወደምትባለው የቦሄሚያ መንደር ወስደው፣ ዝርያውን ለሠራዊት ይበልጥ እንዲስማማ በፍጥነት ለመለወጥ ሲነሡ ፖድሃይስኪ አጥብቆ ተቃወመ። ድንጉላዎቹን በ1945 መጀመሪያ ከሚደበደበው ቪየና አውጥቶ በላይኛው ኦስትሪያ ወደ ሳንክት ማርቲን ያሸሸውም እሱ ነው። በዚያው ዓመት ግንቦት 7 ቀን በጄኔራል ጆርጅ ፓተን ፊት ትርኢት አሳይቶ ጥበቃ ጠየቀ፤ ባዝራዎቹን ደግሞ ከጥቂት ቀናት በፊት በሚያዝያ 28 የአሜሪካ ፈረሰኛ ጦር ሆስታውን በመያዝ አትርፏቸው ነበር። የፒበር እርባታ እንደገና የተቋቋመው በ1952፣ ድንጉላዎቹ ወደ ቪየና የተመለሱት በ1955 ነው።

ከጦርነት ይልቅ ቀስ ብሎ የሚሠራው ፈተና የገንዘብ ነው። ንጉሡ እስካለ ድረስ የፈረሱን ስድስት ዓመት የሚከፍለው ግምጃ ቤት ነበር፤ ዘውዱ ሲወድቅ ትምህርት ቤቱ በ1920 በሩን በትኬት ለሕዝብ ከፈተ። በ2001 ደግሞ ትምህርት ቤቱና እርባታ ጣቢያው ከመንግሥት በጀት ወጥተው በገቢያቸው የሚተዳደሩ አንድ ተቋም ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ትርኢቱ ሲበዛ የፈረሱ ዕረፍት፣ ትርኢቱ ሲያንስ ድርቆሹ የሚጎድልበት ሒሳብ በየዓመቱ ይሠራል። በ2005 በታችኛው ኦስትሪያ በሄልደንበርግ የተከፈተው ጣቢያ ከከተማው ድንጋይ ወለል ለወጡ ድንጉላዎች ማረፊያ፣ ለወጣቶቹም ማሠልጠኛ ሆኗል። በ2008 ሴት ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀባይነት ያገኙ ሲሆን፣ ዩኔስኮ በ2015 የትምህርት ቤቱን የግልቢያ ጥበብ፣ በ2022 ደግሞ ስሎቬኒያና ኦስትሪያን ጨምሮ የስምንት አገሮችን የሊፒጻነር እርባታ ልማድ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሯል። መዝገቡ ግን አጃ አይገዛም፤ አራት ዓመት ያልሞላውን ድንጉላ በተራራው ላይ ለማቆየት የሚወጣው ወጪ እንደ ድሮው ከፈረሱ ትርፍ ሳይገኝ በፊት የሚከፈል ነው።